ጨረሩ ካበቃ በኋላ፦ የአንገት ጨረር ሕክምናና የታይሮይድ ዕጢ

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ሲሰሙት ጠባብ ይመስላል። በራስና በአንገት ካንሰር ምክንያት የጨረር ሕክምና ባገኙ ሰዎች ላይ፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ስለሚደርስ የታይሮይድ ዕጢ ጉዳት ነው። የመረጥሁበት ምክንያት ግን ሰፊ ነው። ችግሩ በብዙ ሰው ላይ ይደርሳል፤ በአብዛኛው በአንድ የደም ምርመራ ይታወቃል፤ በቀን አንዴ በምትዋጥ ርካሽ ክኒን ይታከማል። እንዲህ ሆኖ ሳለ ለዓመታት ተሸሽጎ ይኖራል፤ የሚፈልገው ሰው የለምና። ከካንሰር የተረፈ ሰው ደከመኝ ሲል፣ «ያሳለፈው ቀላል ነው እንዴ? ይደክመዋል እንጂ» ብለን እናልፈዋለን። ይህ አነጋገር የርኅራኄ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን መታከም የሚችል ሕመም መሸፈኛ ሆኖ ያገለግላል።

ስለ ዕጢው ጥቂት

በአገራችን የታይሮይድ ዕጢ የሚታወቀው በእብጠቱ ነው። እንቅርት ያላየ ኢትዮጵያዊ የለም ማለት ይቻላል፤ መከራ በመከራ ላይ ሲደራረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ማለታችንም ሕመሙ በዕለት ኑሯችን ውስጥ ምን ያህል ገብቶ እንደ ኖረ ይመሰክራል። የእንቅርት ዋነኛ ምክንያት የአዮዲን እጥረት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ደንብ ለሰው ምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ያስገደደውም ስለዚሁ ነው። ዛሬ የምንነጋገርበት ሕመም ግን አንገት ላይ አይታይም። በጨረር የተጎዳ ዕጢ በአብዛኛው እየኮማተረ ይሄዳል እንጂ አያብጥም። ስለዚህ አንገትን በዐይኑ አይቶና በእጁ ዳስሶ ብቻ «ታይሮይዱ ደኅና ነው» የሚል ሐኪም ያላየውን ነገር እየመሰከረ ነው።

ዕጢው ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የአየር ቧንቧን ከፊት አቅፎ የሚገኝ፣ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ የሚመስል አካል ነው። በአዋቂ ሰው ክብደቱ ከ15 እስከ 20 ግራም ገደማ ቢሆን ነው። ከደም ውስጥ አዮዲን እየለቀመ ታይሮክሲን የተባለውን ሆርሞን፣ በአጭሩ ቲ4ን፣ ያመርታል፤ ከዚህም የተወሰነው በልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎች ውስጥ ይበልጥ ኃይለኛ ወደ ሆነው ወደ ቲ3 ይለወጣል። የልብ ምት፣ የሰውነት ሙቀት፣ የአንጀት እንቅስቃሴ፣ የቆዳ መታደስ፣ የአእምሮ ፍጥነት፣ የስብ አጠቃቀም ሁሉ በእነዚህ ሆርሞኖች ልክ ይሄዳሉ።

ምርቱን የሚቆጣጠረው በአንጎል ሥር የሚገኘው ፒቱታሪ ዕጢ ነው። ፒቱታሪ ቲኤስኤች በተባለ ሆርሞን አማካይነት ታይሮይዱን ያዝዛል። ፒቱታሪን እንደ ጥንቁቅ የሥራ አለቃ ቁጠሩት። ሠራተኛው ትንሽ ሲዘገይ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ በጣም ሲዘገይ ይጮኻል። የታይሮክሲን መጠን በጥቂቱ ሲቀንስ ቲኤስኤች በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ታይሮክሲን ገና በመደበኛው ልክ ውስጥ እያለ እንኳ ቲኤስኤች ከፍ ብሎ ልናገኘው የምንችለው ለዚህ ነው። የምርመራችን መሠረት ይህ የአለቃው ጩኸት ነው። አለቃው ራሱ የተጎዳ እንደ ሆነስ? ወደዚያ እመለሳለሁ፤ የዛሬው ንግግር ትልቁ ወጥመድ እዚያ ነውና።

አካል ያለዚህ ዕጢ ምን እንደሚሆን ያስተማሩን የ19ኛው መቶ ዓመት ቀዶ ሐኪሞች ናቸው። በስዊዘርላንድ በበርን ከተማ ይሠራ የነበረው ቴዎዶር ኮኸር እንቅርትን በቀዶ ጥገና በማውጣት የተካነ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1883 ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ የወጣላቸውን ታካሚዎች መልሶ ሲመረምር ብዙዎቹ ደንዝዘው፣ አብጠው፣ ንግግራቸው ተጎትቶ አገኛቸው፤ ልጆቹ ማደግ አቁመው ነበር። ከዚያ በኋላ ዕጢውን ጨርሶ ማውጣትን በእጅጉ ገደበ፤ በ1909 በታይሮይድ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በ1891 ደግሞ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ መሪ ዕጢዋ ለሰነፈባት አንዲት ሴት የበግ ታይሮይድ ጭማቂ በመርፌ ሰጣት። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖራለች፤ ለዚያ የዋሉት በጎች ቁጥርም ከ800 በላይ እንደ ነበር ተመዝግቧል። ዛሬ ያ ሁሉ መንጋ በአንዲት ክኒን ተተክቷል። ይህን የማነሣው ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱ ከ130 ዓመት በላይ የታወቀ መሆኑን እንድታስታውሱልኝ ነው።

ጨረሩ ታይሮይዱን እንዴት ያገኘዋል?

የማንቁርት፣ የጉሮሮ፣ የአፍ ውስጥ፣ እንዲሁም ናዞፋሪንክስ የሚባለው ከአፍንጫ ኋላ ያለው የጉሮሮ ክፍል ካንሰር ሲታከም፣ ዕጢው ያለበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 70 ግሬይ ጨረር ይሰጠዋል። ይህ መጠን ከ30 እስከ 35 ቀናት ተከፋፍሎ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በ6 ወይም በ7 ሳምንት ይጠናቀቃል። ካንሰሩ ወደ አንገት ንፍፊቶች ሊሄድ ስለሚችል አንገቱም ግራና ቀኝ እስከ አጥንተ ማጅራት ድረስ ከዚያ ባነሰ፣ ነገር ግን ከፍተኛ በሆነ መጠን ይታከማል። ታይሮይዱ የሚገኘው በዚሁ መሐል ነው። ማንም አላነጣጠረበትም፤ ጥፋቱ ጎረቤትነቱ ነው።

ጉዳቱ በሦስት መንገድ ይደርሳል። አንደኛው የዕጢው ሕዋሳት በቀጥታ መጎዳታቸው ነው። የአዋቂ ታይሮይድ ሕዋሳት የሚራቡት በዝግታ ነው፤ በጨረር የተጎዳ ሕዋስ ደግሞ ጉዳቱ ጎልቶ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ለመራባት ሲሞክር ነው። የምላስና የአፍ ሽፋን በሕክምናው ሳምንታት ውስጥ ሲቆስል ታይሮይዱ ግን ዝም የሚለው ስለዚህ ነው፤ ደኅና ስለ ሆነ አይደለም፤ ቀኑ ስላልደረሰ ነው። ሁለተኛው መንገድ የጥቃቅን ደም ሥሮች መጥበብና መዘጋት ነው፤ ይህም በወራትና በዓመታት የሚሄድ ነገር ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ዋናው ይህ ነው ይላሉ፤ እኔም ወደዚያው አዘነብላለሁ፤ የሕመሙ አካሄድ ቀስ በቀስ መሆኑ ከዚህ ጋር ይስማማልና። ሦስተኛው የዕጢው ሽፋን መጠንከርና፣ በአንዳንዶች ላይ፣ ሰውነት በገዛ ዕጢው ላይ ፀረ-አካል ማመንጨቱ ነው። በጥቂት ሰዎች ላይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ዕጢው ተቆጥቶ ያከማቸውን ሆርሞን በአንድ ጊዜ ያፈስሳል፤ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይበዛል። ይህ ግን ያልፋል፤ ብዙ ጊዜም የሚመጣው መስነፍ መቅድም ነው።

ስንት ሰው ላይ ይደርሳል? ቁጥሮቹ እንደ ጥናቱና እንደ ክትትሉ ርዝመት ይለያያሉ፤ በአብዛኛው ግን ከአምስት ሰው አንድ እስከ ከሁለት ሰው አንድ ባለው መካከል ያርፋሉ። ከጨረሩ ጋር ቀዶ ጥገና ተደርጎ የዕጢው ግማሽ አብሮ ከወጣ፣ ለምሳሌ ማንቁርት በሙሉ ሲወጣ እንደሚሆነው፣ ዕድሉ ከዚህም ይጨምራል። አብዛኛው የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ነው፤ በስድስት ወር የሚጀምረውም አለ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚመጣውም አለ።

እዚህ ላይ ለመምህራን አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ1991 ኢማሚና ባልደረቦቹ ጤናማ አካላት የሚችሉትን የጨረር መጠን በሠንጠረዥ አውጥተው ነበር፤ ለረጅም ጊዜ የሙያው መመሪያ ሆኖ አገልግሏል። ለታይሮይድ የተሰጠው ግምት በአምስት ዓመት ውስጥ በ45 ግሬይ 8 በመቶ፣ በ60 ግሬይ 13 በመቶ፣ በ70 ግሬይ 35 በመቶ የሚል ነበር። ደማቸው በየጊዜው እየተመረመረ ከተከታተሉ ታካሚዎች ጋር ሲነጻጸር ይህ ዝቅ ያለ ነው። ይበልጥ የሚገርመኝ ደግሞ በ2010 ያንን ሠንጠረዥ ለማደስ የወጣው ኳንቴክ የተባለው ትልቅ ሥራ ለታይሮይድ ምዕራፍ ያልሰጠው መሆኑ ነው። ምራቅ አመንጪ ዕጢ ምዕራፍ አለው፤ ጆሮ ምዕራፍ አለው። ታይሮይድ ያልተሰጠው ለምን እንደ ሆነ ለመገመት አያዳግትም፤ ጉዳቱ በክኒን ስለሚታከም እንደ ትልቅ ጉዳት አይቆጠርም። ክኒኑ ለሚደርሰው ሰው ይህ እውነት ሊሆን ይችላል።

የማሽኑ ዓይነት ለውጥ ያመጣል ወይ? ያመጣል፤ ግን እንደሚታሰበው አይደለም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በኮባልት-60 ማሽን የሚሠራ የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ነበር፤ በቅርብ ዓመታት እዚያም በጅማም ሊኒየር አክስለሬተር ተተክሏል። በቀድሞው አሠራር የታችኛው አንገት ከፊት በኩል በአንድ ሰፊ ጨረር ሲታከም መሐሉ ላይ የእርሳስ መከላከያ ይደረግ ነበር፤ መከላከያው ለማንቁርትና ለኅብለ ሰረሰር ተብሎ ቢቀመጥም ታይሮይዱንም በከፊል ይጋርደው ነበር። አዲሱ በኮምፒውተር የሚቀየሰው ሕክምና መጠኑን እንደ ልብስ በቅርጽ ይሰፋል፤ ሆኖም ኮምፒውተሩ የሚጠብቀው ጠብቅ የተባለውን ብቻ ነው። ታይሮይዱ በምስሉ ላይ ካልተከለለና የመጠን ገደብ ካልተሰጠው፣ በዘመናዊው ማሽን ከቀድሞው የበለጠ ጨረር ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ዕጢውን መከለል ልማድ ሊሆን ይገባል፤ የሚወስደው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። እርግጥ ካንሰሩ አጠገቡ ካለ ለታይሮይድ ሲባል የካንሰሩ መጠን አይቀነስም፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ከመጠኑ በተጨማሪ የዕጢው ስፋትም ይወስናል፤ ትንሽ ዕጢ ያለው ሰው በቀላሉ ይጎዳል፤ በብዙ ጥናቶች ሴቶች ይበልጥ ተጎጂ ሆነው የሚገኙትም ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም።

ምልክቱ ለምን ይሸሸጋል?

አንድ ታካሚ እናስብ። እውነተኛ ሰው አይደለም፤ በየክሊኒኩ ከምናያቸው ብዙዎች ጠባይ የተሠራ ምሳሌ ነው። ዕድሜው 54፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ መምህር፤ የማንቁርት ካንሰር ተገኝቶበት 35 ቀን ጨረር ወስዶ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ካንሰሩ ጠፍቷል። ከ14 ወር በኋላ ምን ይታይበታል? ይደክመዋል። ድምፁ ጎርንኗል። ቆዳው ደርቋል። ሆዱ ይደርቅበታል። ቀትር ላይ እንኳ ጋቢ ይደርባል። ክፍል ገብቶ ሊናገር ያሰበው ይጠፋበታል፤ ጨዋታ ትቷል። በሕክምናው ጊዜ 12 ኪሎ ቀንሶ ነበር፤ አሁን መልሶ ጨምሯል።

እስቲ እያንዳንዱን እንመልከት። ድካሙን ሁሉም የካንሰሩ ነው ይላል። ድምፁን የጨረሩ ነው ይላሉ፤ ማንቁርት ላይ የወረደ ጨረር ድምፅን ማጎርነኑ እውነት ነው። ሆድ መድረቁ ጠንካራ ምግብ መዋጥ ስላቃተው ነው ይባላል። ዝምታውን ባለቤቱ «ሐዘን ገብቶበት ነው» ትላለች፤ ምናልባትም የድብርት መድኃኒት ይታዘዝለታል። ክብደት መጨመሩማ ለቤተ ሰቡ የምሥራች ነው፤ «እሰይ፣ ወዙ ተመለሰ» ይባላል፤ ፊቱ ላይ ያለው እብጠት እንደ ወዝ ይቆጠራል። የታይሮይድ መስነፍ ምልክቶች አንድ በአንድ ሌላ ባለቤት አግኝተው ይሄዳሉ። ለማንኛውም ሰው ቢሆን ሐኪሙን የሚያስጠረጥሩት ምልክቶች በዚህ ሰው ላይ ማስጠርጠር ያቆማሉ። ደሙ ቢመረመር ቲኤስኤች 48 ሊሆን ይችላል፤ ጤናማው በአብዛኛው ከ0.4 እስከ 4 ባለው ውስጥ ነው።

ብርድ ብርድ ማለትንና የቆዳ መድረቅን ለይታችሁ ያዙልኝ። ከጨረር ሕክምናው ጋር በቀላሉ የማይያያዙ ናቸው፤ ጨረሩ የነካው የአንገት ቆዳ ቢደርቅ አይገርምም፤ የእግር ቅልጥም ሲደርቅ ግን መጠየቅ አለበት። ይሁንና በምልክት ላይ መተማመኑን አልመክርም። ቀን ተቆጥሮ የሚሠራ ምርመራ ነው የሚያዋጣው።

ሳይታወቅ ቢቆይ ምን ይመጣል? ከድካሙ ባሻገር የደም ስብ ይጨምራል። የአንገት ጨረር ብቻውን ወደ አንጎል ደም የሚወስዱትን ትላልቅ የደም ሥሮች ያጠብባል፤ ከፍ ያለ ስብ ሲታከልበት ለስትሮክ የሚዳርግ ነገር ላይ ሌላ ይደረባል። ልብ ይዘገያል፤ በልብ ሽፋን ውስጥ ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ሰው ቁስሉ በቶሎ አይደርቅም፤ ማንቁርታቸው በወጣላቸው ታካሚዎች ላይ የጉሮሮ ስፌት መክፈት ከታይሮይድ መስነፍ ጋር ተያይዞ ተስተውሏል። እጅግ በከፋው ደረጃ፣ በኢንፌክሽን ወይም በማስታገሻ መድኃኒት ምክንያት፣ ሰውየው ሙቀቱ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል፤ ይህ ብዙዎችን የሚገድል ሁኔታ ነው።

አለቃው ሲታመም

አሁን ወደ ወጥመዱ። የናዞፋሪንክስ ካንሰር ከራስ ቅል ወለል አጠገብ ነው፤ ፒቱታሪም ከዚያው በላይ ተቀምጧል። ለዚህ ካንሰር የሚሰጥ ጨረር ፒቱታሪንና ከላዩ ያለውን ሃይፖታላመስ ሊነካ ይችላል። በዓመታት ውስጥ አለቃው ራሱ ድምፁን ያጣል። በዚህን ጊዜ ታይሮክሲን ዝቅ ብሎ ሳለ ቲኤስኤች መጨመር ሲገባው መደበኛ ሆኖ ይገኛል፤ ወይም ዝቅ ይላል። ቲኤስኤች ብቻ ያዘዘ ሐኪም «መደበኛ ነው» ብሎ ይመልሳል። ለእንዲህ ያለ ታካሚ ከቲኤስኤች ጋር ነፃ ታይሮክሲን አብሮ መታየት አለበት፤ ይህ የግድ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ተማሪዎች እንዳይረሱት የምፈልገው ነገር አለ። ፒቱታሪ የተጎዳበት ሰው ኮርቲሶልም ሊጎድለው ይችላል። ኮርቲሶል የጎደለው ሰው ላይ ታይሮክሲን ቀድሞ ቢጀመር፣ ሆርሞኑ የሰውነትን ፍላጎት አፋጥኖ ያለችውን ጥቂት ኮርቲሶል ይጨርስበታል፤ ታካሚው የደም ግፊቱ ወድቆ ለሞት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ የጠዋት ኮርቲሶል ይመረመራል፤ ከጎደለም እርሱ ቀድሞ ይተካል።

በዝቅተኛ መጠን የሚመጣው ሌላው ችግር

ስለ ጨረርና ስለ ታይሮይድ ሲወራ ብዙ ሰው የሚያስበው ካንሰርን ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ደፊና ፊትዝጄራልድ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች፣ የታይሮይድ ካንሰር ከያዛቸው ልጆች መካከል በርካቶቹ በሕፃንነታቸው ታይመስ ለሚባለው የደረት ዕጢ ጨረር የተሰጣቸው መሆኑን አስተዋሉ። ከ1948 እስከ 1960 ደግሞ ወደ እስራኤል የገቡ፣ በአብዛኛው ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ ሕፃናት ለቆረቆር ተብሎ የራስ ቆዳቸው በጨረር ታክሟል። ከእነዚህ ከ10,000 በላይ የሚሆኑት በጥናት ተከታትለዋል፤ ባሩክ ሞዳንና ባልደረቦቹ በ1974 ባወጡት ጽሑፍ የታይሮይድና የአንጎል ዕጢዎች በእነርሱ ላይ መብዛታቸውን አሳዩ። የታይሮይዳቸው መጠን በግምት 0.09 ግሬይ ብቻ ነበር። አገሪቱም በ1994 ለተጎዱት ካሣ የሚሰጥ ሕግ አወጣች።

0.09 ግሬይ ካንሰር የሚያመጣ ከሆነ 60 ግሬይ ምን ሊያደርግ ነው? ይህን ጥያቄ ታካሚዎች ይጠይቃሉ፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። መልሱ ግን ከግምት ውጭ ነው። ትንሽ መጠን ሕዋሱን ይጎዳዋል እንጂ አይገድለውም፤ የተበላሸ መመሪያ ይዞ እንዲራባ ይተወዋል። ከፍተኛ መጠን ሕዋሱን ይገድለዋል፤ የሞተ ሕዋስ ካንሰር አይሆንም። ስለዚህ በአዋቂ ራስና አንገት ታካሚ ላይ ገኖ የሚታየው የሆርሞን እጥረት ነው። በዕጢው ጠርዝ ላይ አነስተኛ መጠን የሚያገኝ ክፍል ስለማይጠፋ፣ በተለይም ታካሚው ሕፃን ወይም ወጣት ከነበረ፣ ለዓመታት አንገቱን እየዳሰሱ መከታተል ተገቢ ነው፤ እብጠት ሲገኝ አልትራሳውንድ ይከተላል።

ምርመራና ሕክምና

ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት መነሻ ቲኤስኤች ይወሰድ። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ችግሩን ይዞት የመጣ ሊሆን ይችላልና። ከዚያ በኋላ በየ6 እስከ 12 ወሩ ይመርመር፤ ዓለም አቀፍ መመሪያዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው። ማብቂያ ዓመት የለውም።

ቲኤስኤች ከፍ ብሎ ነፃ ታይሮክሲን ከቀነሰ መታከም አለበት። ቲኤስኤች ብቻ ከፍ ብሎ ታይሮክሲኑ ደኅና ሲሆን ሐኪሞች ይለያያሉ፤ ከ10 በላይ ከሆነ ብዙዎች ያክማሉ፤ ከዚያ በታች ከሆነ በሌላ ሰው ላይ ጠብቆ ማየት ይቻላል። ጨረር በወሰደ ሰው ላይ ግን ጉዳቱ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ የመሄድ ልማድ ስለሌለው፣ ምልክት ካለው ቀደም ብሎ መጀመሩ ይሻላል ባይ ነኝ።

መድኃኒቱ ሌቮታይሮክሲን ነው። ሙሉ መጠኑ በኪሎ 1.6 ማይክሮግራም ገደማ ነው፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን ወደ 100 ማይክሮግራም ያስፈልገዋል። አረጋውያንና የልብ ደም ሥር ሕመም ያለባቸው ከ25 ወይም ከዚያ ባነሰ ጀምረው ቀስ ብለው ይጨምራሉ፤ የራስና አንገት ካንሰር ታካሚዎች ብዙዎቹ አጫሾች የነበሩ መሆናቸውንም አትርሱ። ታይሮክሲን በደም ውስጥ እስኪጋመስ 7 ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ መጠኑ ከተለወጠ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሳይሞላ ቲኤስኤች መለካት ገንዘብ ማባከን ነው። በሁለተኛው ሳምንት ለውጥ አላየሁም ብሎ ክኒኑን የሚተውን ታካሚ አስቀድሞ ማስረዳት ይገባል።

አወሳሰዱ ቀላል ቢመስልም በእኛ ቤት ጠላት አለው። ክኒኑ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይወሰዳል። ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል፤ ጠዋት ሲነሣ ቡናና ክኒን አብሮ የሚወስድ ሰው መጠኑ ቢጨመርለትም ቲኤስኤቹ አልወርድ ይላል። የብረትና የካልሲየም ክኒኖች፣ የጨጓራ አሲድ ማርገቢያዎችም በ4 ሰዓት ይራቁ። በቱቦ የሚመገብ ታካሚ ክኒኑ ተፈጭቶ በውኃ ተበጥብጦ ወዲያው ይሰጠው፤ ምግቡ ከአኩሪ አተር የተሠራ ከሆነ መድኃኒቱን ስለሚይዘው በመካከል ጊዜ ይተው።

የእኛ ችግር ከመድኃኒቱ ይልቅ በአደራው ላይ ነው። ጨረር የሰጠው ክፍል ካንሰሩ መመለስ አለመመለሱን ይከታተላል። የአንገትና ጉሮሮ ሐኪሙ ማንቁርቱን ያያል። የአገሩ ጤና ጣቢያ ታካሚው «የአዲስ አበባ በሽተኛ» ስለ ሆነ ይፈራዋል። ታይሮይዱ የማን እንደ ሆነ የተጻፈ የለም። ለአምስት መቶ ኪሎ ሜትር መንገድ ገንዘብ የሌለው ታካሚ ደግሞ አንገቱ ካላበጠ አይመለስም። የምመክረው ወረቀት ነው፤ ከሕክምናው ሲሰናበት በአማርኛ ወይም በሚያነበው ቋንቋ «አንገቴ ላይ ጨረር ወስጃለሁ፤ በየዓመቱ ቲኤስኤች ይመርመርልኝ» የሚል፣ የወሰደው መጠንና ቀኑ ያለበት ካርድ ይያዝ። ናሙናው ከከተማ ወደ ከተማ ሊላክ ይችላል፤ ታካሚው መጓዝ የለበትም።

ጥያቄና መልስ

አንድ ተማሪ፦ አዮዲን ያለበት ጨው ቢያበዛ ዕጢውን ይረዳዋል ወይ?

አይረዳውም። የጎደለው ጥሬ ዕቃ አይደለም፤ የፈረሰው ፋብሪካው ነው። የተለመደውን ጨው ይጠቀም፤ ከዚያ በላይ አዮዲን መጨመር፣ የአዮዲን ጠብታ መውሰድ ወይም የባሕር እጽዋት ክኒን መዋጥ፣ የተዳከመውን ዕጢ ጭራሽ ሊያቆመው ይችላል።

አንዲት እናት ከተሰብሳቢዎች፦ ወንድሜ ይህን ክኒን ይወስዳል፤ ጾም ሲገባ ይተወዋል፤ ጠበልም ሲሄድ አይወስድም። ምን ልበለው?

እማማ፣ ይህ ክኒን ከጾም ጋር ከሌሎች መድኃኒቶች ሁሉ ይበልጥ የሚስማማ ነው፤ ራሱ ባዶ ሆድ ይወዳልና። ጠዋት መቅመስ የማይፈልግ ከሆነ ማታ ሊተኛ ሲል፣ ከራቱ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ይዋጠው። ሙስሊም ታካሚዎችም በረመዳን እንዲሁ ያደርጋሉ። ለጠበሉም ቢሆን ክኒኑን ይዞ ይሂድ። ካህኑን ቢጠይቃቸው አይከለክሉትም ብዬ አምናለሁ። ሁለት ቀን ቢረሳ ምንም አይሆንም፤ ሁለት ወር ቢተወው ግን ይታመማል።

አንድ የውስጥ ደዌ ሬዚደንት፦ ዕጢው ድኖ መድኃኒቱን የሚያቆም ታካሚ ይኖራል?

በመጀመሪያው ዓመት ቲኤስኤቹ በጥቂቱ ከፍ ብሎ በራሱ የወረደለት ሰው ይገጥማችኋል። ስለዚህ በትንሹ ከፍ ያለውን ከማከማችሁ በፊት ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ድገሙት። ታይሮክሲኑም ከቀነሰ በኋላ ግን በአብዛኛው የዕድሜ ልክ ነው። ሴት ታካሚ ካረገዘች መጠኑ እንደሚጨምር ከወዲሁ ንገሯት፤ እርግዝናዋ እንደ ታወቀ ትምጣ፤ ቀጠሮዋን አትጠብቅ።